ሠላሳ ያደረግኩት አንድ ሰው

ባለፈው ሳምንት ጥያችሁ የሄድኩት በተከፈተ መሳቢያ ፊት ነው። እሱ ጎንበስ ብሎ ካርድ ያነባል፤ እኔ በሩ ላይ እንደ ተተከለ እንጨት ቆሜያለሁ። ዛሬ ለተቀላቀሉን ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። የምሠራው መዝገበ ቃላት በሚዘጋጅበት ቤት ነው፤ ዋና አዘጋጁ አባቴ ነው። እሱ ደግሞ በያጅ ነው። የሚሠራበት የብረት ሥራ ቤት ከእኛ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ጓደኞቹ ብልጭ ይሉታል። የካርድ መሳቢያዎቻችን ሐዲድ ሲጣመም የሚጠራው እሱ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ መሳቢያዎቹ ከወትሮው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይጣመማሉ። ማን እንደሚያጣምማቸው ነባር አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ፤ አደራ፣ አታሳጡኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ያለ እሱ የዛሬው አይገባም። በእኛ ቤት እያንዳንዱ ቃል የራሱ ካርድ አለው። ከላይ ቃሉ፣ ከሥሩ ትርጉሙ፣ ከዚያ ሰው ሲናገረው የተሰማበት ዓረፍተ ነገር፤ ከታች ደግሞ “ምስክር” የሚል መስመር። የምስክር ስም አይጻፍም፤ ሥራውና ዕድሜው ብቻ። ምስክር የሌለው ካርድ ይጣላል።

“ይሄ የኔ ነው” አለ፣ ቀና ሳይል። ካርዱን እንዳያቆሽሸው በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ነው የያዘው። “‘ፋራ መሆን በሽታ አይደለም፣ ግን ይተላለፋል።’ እኔ ነኝ ያልኩት። ሻይ ቤት፣ ማዕዘኗ ጠረጴዛ ላይ። ሳቅሽና ሻይሽ ፈሰሰ።”

“አዎ።”

“እዚህ ግን ‘ምስክር፦ ጫማ ጠጋኝ፣ ዕድሜ ሃምሳ’ ይላል።”

ሌላ ካርድ አነሣ።

“‘ነቄ ሰው ሲያታልሉት ዝም ብሎ ይታለላል፣ ሻዩን እስኪጋብዙት።’ ይሄም የኔ ነው። ምስክር፦ ተማሪ፣ ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ።” ሌላ አነሣ። “ፀጉር ቆራጭ።” ሌላ። “ሹፌር።” ሌላ። “እንዴ! ጡረታ የወጣች ነርስ? እሺ፣ ይሄስ ያስቃል።”

አልሳቀም።

“ደንብ አለብን” አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም፤ የአባቴን ይመስላል። “ከአንድ ምስክር ከአሥር ቃል በላይ አይወሰድም። አንተ የሰጠኸኝ ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት ነው። ልጣላቸው?”

“ስለዚህ ሠላሳ ሰው አደረግሽኝ።”

“አማራጭ አልነበረኝም።”

“አሥር ይፈቀዳል አልሽ አይደል?”

“አዎ።”

“እና አሥሩ የታሉ?” አሁን ቀና አለ። ዓይኑ ተቆጥቶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። “ጠጋኝ አለ፣ ዘበኛ አለ፣ አናጺ አለ። በያጅ የለም። አሥር ካርድ ቀርቶ አንድ የለም። ሁሉን አደረግሽኝ፣ እኔን ብቻ አላደረግሽኝም።”

መሳቢያውን ገፋው። ያለ ድምፅ፣ እንደ ውሃ ተንሸራቶ ተዘጋ። መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ ከተተ።

“ሐዲዱ ደህና ሆኗል” አለ በሩ ጋ ሲደርስ። “ሰው አውቆ ካላጣመመው ሃያ ዓመት ይሄዳል።”

ያውቅ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አውቆ፣ ምንም ሳይል፣ በተጠራ ቁጥር መፍቻውን ይዞ መንገዱን ሲሻገር ከርሟል። ቢሰድበኝ እንዲህ አይከብደኝም ነበር።

* * *

የተገናኘነው በስሕተት ነው። አዲሱ እትም የመንገድ ቃላትም እንዲገቡበት ሲወሰን ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ፤ መንገድን ግን የማውቀው በመስኮት ነበር። “ሙድ መያዝ” የሚለውን ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በምርምር ጻፍኩት፦ ስሜትን ተቆጣጥሮ መቆየት። መሳቢያ ሊጠግን የመጣ ሰው በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አንብቦ ሳቀ።

“ምን ያስቅሃል?”

“ቲቸር፣ ይሄ ከየት መጣ?”

“ከቃሉ ነዋ። ሙድ ስሜት ነው፤ መያዝ መቆጣጠር ነው።”

“ሙድ መያዝ ማለት እኮ” አለ፣ ፊቱን ለማኮሳተር እየታገለ፣ “አሁን እኔ በአንቺ ላይ የማደርገው ነው።”

ካርዱን ቀደድኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሻይ ሰዓት እጠይቀዋለሁ፣ ይመልሳል፣ እጽፋለሁ። የመንገድ ቃላት ሲሰለቹን ወደ ተራዎቹ ገባን፤ ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል ተብለው ማንም በወጉ ያልተረጎማቸው ቃላት አሉ። “‘ቆይ’ ምን ማለት ነው?” አልኩት አንድ ቀን። ረጅም ጊዜ አሰበ። “ቆይ የሚል ሰው ሁለት ዓይነት ነው” አለ። “የሚመለስና የማይመለስ። ድምፁ ይለየዋል፤ አንቺ ግን ድምፅ አትጽፊም።” እንዲህ ያለ መልስ አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰዎች በተሰበሰቡበት ቤት ሰምቼ አላውቅም። የወደድኩት ያኔ ይመስለኛል። ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ።

ታዲያ ለምን ደበቅኩት? እውነቱን ለመናገር ደንቡ ሰበብ ነው። አንድ ቀን አባቴ ምሳ ላይ፣ ዓይኑን ከሳሕኑ ሳያነሣ፣ “ያ ብረት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ይመጣል” አለኝ።

“ቃላት እየሰጠኝ ነው፣ አባዬ።”

“ጎበዝ። ቃሉን ተቀበይና ሰውየውን ሸኚው።”

ክፉ ሰው አይደለም፤ እንደ ቀላል ምክር ነው የተናገረው። እኔም እንደ ቀላል ምክር ሰማሁት፤ በማግሥቱም የመጀመሪያውን ጫማ ጠጋኝ ጻፍኩ። ቃሉን ተቀበልኩ፣ ሰውየውን ሸኘሁ። ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት ጊዜ።

ከመሳቢያው በኋላ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣልኝ። ያመጣው የሥራ ባልደረባው ነው፤ በሩን ሙሉ በሙሉ የሚሞላ፣ ቀጮ የሚባል ሰው። የተጻፈው የብረት ልክ በሚመዘገብበት ወረቀት ጀርባ ላይ ነው።

“ቲቸር፣

እኔ የምጽፈው ልክ ነው፤ ርዝመት፣ ወርድ፣ ውፍረት። ስለዚህ አላስረዝምም።

ቃሎቹን አልቀማሽም። የኔ አይደሉም፣ የመንገዱ ናቸው። ግን ላሽ የሚለውን ካርድ አይቼዋለሁ። ላሽ ማለት፦ ሳያስታውቁ ከቦታ መሄድ፣ ብለሻል። ልክ ነው። ከሥሩ ‘እናቴ ሳትሰናበተን ላሽ አለች’ የሚለውን ጽፈሻል። ሞቷን የነገርኩሽ ቀን ምን ያህል አብረን እንደቆየን ታስታውሻለሽ። እጄን የያዝሽኝ ያን ቀን ነው። ምስክሩ ዘበኛ ነው፣ ዕድሜው አርባ አራት ነው። እናቴን ለዘበኛ ሰጠሽብኝ።

ከአባትሽ ተጣዪ አልልሽም። ግን እኔ በጓሮ በር የምገባ ሰው አይደለሁም። ሥራዬን ሰው ሲጠይቀኝ ጮክ ብዬ ነው የምናገረው።

መሳቢያ ከተጣመመ ቀጮ ይመጣል። እሱ ከእኔ ይሻላል፣ ግን ወንበራችሁ ላይ እንዳይቀመጥ ጠብቂ።”

ቀልዱ ላይ ስደርስ ነው ያለቀስኩት።

* * *

መልስ ጻፍኩ፤ ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለ ደንቡ ነበር፣ ሁለተኛው ስለ አባቴ። ሦስተኛውን ግማሽ ላይ ሳነበው ዓረፍተ ነገሮቹ ቆንጆ ነበሩ፤ ለዚያ ነው የቀደድኩት። ቆንጆ ዓረፍተ ነገርማ ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት ጊዜ ጽፌ ከሥሩ ደብቄዋለሁ።

በዚያው ቀን ምሳ ላይ አባቴ ደስ ብሎት አገኘሁት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን የምንበላው፤ ደስ ሲለው ጨው እንኳ ሳይጠይቅ ይበላል።

“ነገ የገምጋሚዎች ስብሰባ ነው” አለ። “የመጀመሪያው ነገር ያንቺ መሳቢያ ነው። አንብቤ ጨርሼዋለሁ።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም። ትርጉሙስ ይሁን፣ ሌላም ሰው ይጽፈዋል። ምስክሮቹ ግን!” ማንኪያውን አስቀመጠ። “ሠላሳ ሥራ፣ ልጄ። ጫማ ጠጋኝ፣ ነርስ፣ ሹፌር። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከእንደነዚህ ሰዎች ጋር እንዴት እንደሚወራ አላውቅም። አንቺ ግን በየደጃፋቸው ሄደሽ ቁጭ ብለሽ አዳመጥሽ። እናትሽ ብታይሽ ምን ትል ነበር?”

“አባዬ፣ ስለ ምስክሮቹ…”

“ትሕትናሽን ለነገ አቆዪልኝ” አለና እጁን እጄ ላይ ጫነ። አባቴ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይደለም። ሞቅ ያለ፣ ቀላል እጅ ነው። የከበደኝ ያለ ድካም ያገኘሁት ምስጋና አይደለም፤ አባቴ ያልሆንኩትን ልጅ ሲወድ ማየቴ ነው። ቀናሁባት።

* * *

ጠዋት ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰባት ነበርን። አባቴ ራስጌ፤ የብረት መሳቢያዬ ፊቱ ተቀምጧል። ከአጠገቤ ጋሼ ዘንዶ ተቀምጠዋል። ይህ ስማቸው አይደለም። እንዲህ የምንላቸው የተረትና የአስማት ቃላትን ለብዙ ዓመት ስለያዙ፣ ዘንዶንና ጭራቅን፣ የማይታየውን ካባ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ከልጆች የስልክ ጨዋታ የመጡትን ሁሉ የሚተረጉሙት እሳቸው ስለሆኑ ነው።

“ልጄ” አሉኝ በሹክሹክታ፣ “‘ባለ ሦስት ነፍስ’ን ‘ሦስት ጊዜ መሞት የሚፈቀድለት ጀግና’ ብየዋለሁ። ይሄዳል?”

“ይሄዳል፣ ጋሼ። የታደለ ነው።”

“ምነው ፊትሽ ገረጣ?”

ከመመለሴ በፊት አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ካርዶቹን በየመካከሉ እያወጣ አነበበ። ሰዎቹ “ፋራ” ላይ ሳቁ፤ “ሼባ” ላይ አብዛኞቹ ሼባዎች ስለነበሩ ትንሽ ቀዝቀዝ ብለው ሳቁ። ከዚያ አንዱን ካርድ አነሣና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ይህን ስሙ። ‘እናቴ ሳትሰናበተን ላሽ አለች።’ የተናገረው ማን ነው? ዘበኛ። ዕድሜው አርባ አራት። እኔ ይህን ዘበኛ ባገኘው ቆሜ ሰላም እለዋለሁ።”

ተነሣሁ። ልነሣ ብዬ አልወሰንኩም፤ ጉልበቴ ነው የወሰነው።

“ዘበኛ የለም” አልኩ።

“ምን አልሽ?”

“ዘበኛ የለም፣ ጫማ ጠጋኝም የለም፣ ነርሷም የለችም። ቃላቱ እውነተኛ ናቸው፤ ከዚህ ወርዳችሁ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ፣ ይነግራችኋል። ምስክሮቹን ግን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። ሠላሳውም አንድ ሰው ናቸው። በያጅ። ዕድሜ ሃያ ዘጠኝ።”

አንድ ሰው እስክሪብቶ ከደነ።

“የትኛው በያጅ?” አለ አባቴ። ያውቃል።

“መስኮቱን ከከፈቱት ይታያል።”

ማን እንደከፈተው አላየሁም። የብረት መፋቂያው ጩኸት ክፍሉን ሞላው፤ ለአንድ አፍታ ሁሉም ወደ ማዶ አዩ። አባቴ አላየም።

“ዝጉት” አለ። “ምን እንዳደረግሽ ይገባሻል? ይህ ቤት ያለው አንድ ነገር ነው፤ ያልሰማነውን ሰማን አንልም። በአንድ ሰው አፍ ያለን ቃል የሕዝብ ቃል ነው ብለሽ አስፈረምሽን።”

“ልክ ነዎት” አልኩ። በሥራ ቦታ “እርስዎ” ነው የምለው። “ለሐሰቱ ቅጡኝ። እፈርማለሁ፣ እወጣለሁ፣ የታዘዝኩትን አደርጋለሁ። እሱን በማወቄ ግን አትቀጡኝም።”

“እሱን ያነሣው የለም።”

“የለም፤ ችግሩም እሱ ነው። ማንም አያነሣውም። እኔም አላነሣሁትም።” እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ጫንኩ። “ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጭራቅ ስንት መስመር ትርጉም አለው?”

“አራት” አሉ ጋሼ ዘንዶ ተደናግጠው። “አምስትም ይሆናል፣ ከጥርሱ ጋር።”

“ምስክሩ ማን ነው?”

“አይ፣ እንግዲህ… ጭራቅን ማን አይቶት?”

“ማንም አላየውም። ለአንድም ቀን ኖሮ አያውቅም፤ ግን በዋናው በር፣ በአምስት መስመር ገብቷል። ከመንገዱ ማዶ በየቀኑ የሚሠራ፣ የሚናገር፣ እናቱን የቀበረ ሰው ግን እዚህ ቤት ለመግባት ጫማ ጠጋኝ መምሰል ነበረበት። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። እናንተን ፈርቼ ነው፤ ግን ያደረግኩት እኔ ነኝ።”

“እውነቷን ነው” አሉ ጋሼ ዘንዶ ለማንም ሳይሆን። “የጭራቄን ምስክር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።”

አንድ ሰው ሳቁን በሳል አፈነ። አባቴ ካርዱን ወደ መሳቢያው መለሰ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ “ይህ ስለ ቃላት አይደለም” አለ።

“አይደለም፣ አባዬ። ስለ ሰው ነው። እወደዋለሁ።”

በዚያ ክፍል ውስጥ “አባዬ” ብዬው አላውቅም። “እወደዋለሁ” የሚለውንም በዚያ ክፍል ጮክ ብሎ የተናገረው ያለ አይመስለኝም፤ ተተርጉሟል እንጂ አልተነገረም። የአባቴ ፊት ተዘጋ።

“መሳቢያው ይታሸግ” አለ።

“አይታሸግም። አስተካክዬ እመልሰዋለሁ።”

በሁለት እጄ አነሣሁት። ከነካርዶቹ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። በሩን በትከሻዬ ገፋሁ። ደረጃው ላይ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሸከመው ነገር ልኩ ስንት እንደሆነ ታወቀኝ።

* * *

መንገዱን ስሻገር አንድ መኪና ጮኸብኝ። አልሮጥኩም፤ መሳቢያ ታቅፎ መሮጥ አይቻልም። የብረት ሥራ ቤቱ በር ላይ ቀጮ መዶሻውን አወረደ።

“ብልጭ! ቲቸር መጣች። ቢሮዋን ይዛ ነው የመጣችው።”

ብልጭ መከላከያውን ከፊቱ ላይ ገፍቶ አየኝ። ሊረዳኝ አልተነሣም። የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ በመጋዝና በብረት ቁርጥራጭ መካከል ቦታ ፈልጌ አስቀመጥኩት።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ሠላሳ ሰው። አንድ ላደርጋቸው ነው።”

“አዝነሽልኝ ከሆነ ተመለሽ።”

“አላዘንኩልህም።”

“ታዲያ?”

በመንገዱ ላይ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። በአንተ አላፈርኩም፣ ያፈርኩት በራሴ ፍርሃት ነው የሚል፣ ጥሩ መልስ። አፌ ላይ ደርሶ እንደገና ቆንጆ ሆነብኝ።

“አፍሬብህ ነበር” አልኩ። “ሌላ ነገር ብልህ ሠላሳ አንደኛው ውሸት ይሆናል። እጅህን፣ ልብስህን፣ ከአንተ ጋር ስሄድ የሚያየኝን ሰው እያሰብኩ አፍሬ ነበር። ቃልህን ስጽፍ እኮራለሁ፤ ምስክር የሚለው መስመር ላይ ስደርስ አፍራለሁ። እንደዚያ ነበርኩ። አሁን በስብሰባው መካከል ተነሥቼ ተናግሬያለሁ፤ አባቴም ሰምቷል። ይቅር በለኝ ለማለት አልመጣሁም። እውነቱን ከእኔ አፍ እንድትሰማው ነው። ከዚያ ወዲያ ያንተ ነው።”

ቀጮ መዶሻውን በቀስታ አስቀምጦ፣ ለዚያ ሰውነት በማይታመን ጸጥታ ወደ ውጭ ወጣ።

ብልጭ ጓንቱን አወለቀ፣ እንደገና አጠለቀ፣ እንደገና አወለቀ።

“ያማል” አለ በመጨረሻ።

“አውቃለሁ።”

“አይ፣ አታውቂም። ግን ዓመት ሙሉ ስታወሪኝ፣ እንዲህ ፊት ለፊት ያወራሽኝ ዛሬ ነው።” የብረት ሣጥን በእግሩ ጎትቶ አመጣና በእጅጌው ጠረገው፤ ይበልጥ አቆሸሸው። “ተቀመጪ። ከየቱ እንጀምር?”

“ከእናትህ።”

ካርዱን አወጣሁ። “ዘበኛ፣ ዕድሜ 44” የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩና እስክሪብቶውን ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ፣ የብረት ልክ እንደሚጽፍ ሰው በትላልቅና ቀጥ ባሉ ፊደሎች፣ “በያጅ” ብሎ ጻፈ። አውራ ጣቱ ካርዱ ጥግ ላይ ጥቁር ምልክት ተወ። ሊጠርገው ሲል እጁን ያዝኩት። አልለቀቅኩትም፤ እሱም አላስለቀቀኝም። እኔ በግራ እጄ ሁለተኛውን ካርድ ፈለግኩ።

አሥራ አንደኛው ላይ ስንደርስ ብርሃኑ ተጋረደ። አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። በዚያ መንገድ ዳር ሃያ ዓመት ሠርቷል፤ ወደዚህኛው ወገን ግን ሲሻገር አይቼው አላውቅም።

“አባባ፣ ዓይንዎን” አለ ቀጮ ከኋላው። “እዚያ ጥግ ይበየዳል፣ በቀጥታ አይዩት።”

ብልጭ እጄን ሳይለቅ ተነሣ። የተቀመጠበትን ሣጥን አዞረ። “ይቀመጡ” አለ።

አባቴ አልተቀመጠም፤ ስድብም አልተናገረም። ካርዶቹን አየ፣ የተሰረዙትን ምስክሮች አየ፣ የተያያዙትን እጆቻችንን አየ።

“ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ቤት አትሠሪም” አለኝ።

“እሺ፣ አባዬ። ፍርዱ ትክክል ነው።”

“ስትጨርሺ ካርዶቹን ለዘበኛው… ለበሩ ሰው ስጪ።”

“እኔ ራሴ አመጣቸዋለሁ። ሁለታችን።”

ከንፈሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ቆመ። ቀጥሎ የተናገረው እንደ ዋና አዘጋጅ አልነበረም። “ምሳ ደርሷል” አለ። “ነይ እንሂድ።”

በሕይወቴ ሙሉ ይህን ስባል ተነሥቻለሁ። የጠረጴዛው ራስጌ፣ ባዶው የእናቴ ወንበር፣ ብቻውን የሚበላው ሰው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ መጡ።

“ዛሬ እዚህ ነኝ፣ አባዬ” አልኩ። “ላንተም ሣጥኑ አለልህ።”

ሣጥኑን አየው። ከዚያ ኮቱን ቆለፈና ወጣ። መንገዱ ዳር ቆሞ መኪና እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ቀኝና ግራ አየ፣ እኔን ልጅ ሳለሁ እንዳስተማረኝ። ጀርባው ጠበብ ብሎ፣ አርጅቶ ታየኝ። በጣም ወደድኩት። አልተከተልኩትም።